ቀለም፣ ጣዕም፣ ሽታ

የፊቅህ ኪታብ፣ የእስልምና ሕግ መጽሐፍ፣ የሚከፈተው በውሃ ነው። ሶላት ከመነሳቱ በፊት፣ ዘካና ጾም፣ ሐጅም ከመነሳታቸው በፊት፣ የትኛው ውሃ እንደሚያጠራ፣ የትኛው እንደማያጠራ፣ ምን ቢገባበት እንደሚበላሽ ይነገራል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደግን ልጆች የሻፊዒ መዝሀብ ተከታዮች ስለሆንን፣ ማካፈልን በቅጡ ሳንችል ሁለት ቁላ ስንት እንደሆነ እናውቅ ነበር። በዛሬ ልኬት 200 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ አንድ በርሜል ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ውሃ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነገር፣ ከነካው አበቃለት። ከዚያ የበዛው ግን ተበላሸ የሚባለው ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ብቻ ነው፦ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው። አባቴ ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ኪታብ ያስቀሩ፣ ማለትም ያስተምሩ፣ ስለነበር፣ ይህችን ደንብ ወንዱም ሴቱም በዜማ እየደጋገመ ነው እቤታችን ውስጥ ያደገው።

ዛሬ እንጀራዬ ውሃ መመርመር ነው። ናሙና በጠርሙስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ከልጅነቴ ትምህርት የተለየ አይደለም፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና አየዋለሁ፣ ክዳኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ። መቅመሱን ትተነዋል፤ ደግ አደረግን። ከዚያ በኋላ ያለው ኪታቡ ላይ የለም። ናይትሬት ለመለካት አሥር ሚሊ ሊትር ውሃ በትንሽ ብልቃጥ እቀዳለሁ፣ አንዲት ከረጢት ዱቄት እጨምርበታለሁ፣ አንድ ደቂቃ በኃይል እወዘውዘዋለሁ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ። ናይትሬት የሌለበት ውሃ እንደነበረ ይቆያል። ያለበት ቀስ እያለ ይወይባል፤ ብዙ ካለበት ቢጫው ወደ ቡናማ ይሄዳል። መሣሪያው ቁጥሩን ከማውጣቱ በፊት ዓይኔ ያውቀዋል። ያ ቀለም ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ውሃውን ለሚቀዳው ሰው አይታይም። ዱቄቱ ነው የሚያጋልጠው።

አንድ ጥያቄ ያመጣብኝ ከሐረማያ ሐይቅ ወለል ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ የመጣ ጠርሙስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ያ ጠርሙስ ጣሪያውን ጥሶ አልፏል። ሲያዩት ግን ኩልል ያለ ነው፤ ቢያሸቱትም ምንም የለውም። ማታ አባቴ ዘንድ ስሄድ ይህንኑ አነሳሁባቸው።

«አባ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ጧሂር ነው? ያጠራል?»

«ቀለሙ ተለውጧል?»

«አልተለወጠም።»

«ጣዕሙስ? ሽታው?»

«የሚጠጡት ሰዎች ምንም አላሉም።»

«እንግዲያ ጧሂር ነው። ውዱእ ይደረግበታል፣ ጀናባም ይታጠቡበታል።»

«ይጠጣል?»

መስባሐቸውን መቁጠር አቁመው ጥቂት አሰቡ። «እሱ ሌላ ባብ ነው» አሉኝ።

አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ «ሌላ ባብ ነው»፣ ሌላ ምዕራፍ ነው፣ ሲሉ ማምለጣቸው አይደለም። ኪታብ የቀራ ሰው አንዱን ጉዳይ ካንዱ አይቀላቅልም። የጦሃራ፣ የንጽሕና፣ ባብ የሚጠይቀው በዚህ ውሃ ታጥቤ አላህ ፊት መቆም እችላለሁ ወይ ብሎ ነው። ውሃው ሕፃን ይገድላል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የኔ ችግር ግን ሕዝባችን ስለ ውሃ የሚያውቀው ባብ ያ አንዱ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ሌላው ባብ የት እንዳለ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? እኔ ራሴ በዚያ ማታ ገና አላውቅም ነበር።

ስለ ሕፃኑ የተናገርኩት ለማስፈራራት አይደለም። ናይትሬት የበዛበት ውሃ ስድስት ወር ባልሞላው ሕፃን ሆድ ውስጥ ሲገባ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ልጁ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ሲብስም ይሞታል። ለልጇ የዱቄት ወተት የምትበጠብጥ እናት ውሃውን አፍልታ ነው የምትጠቀመው፤ ጥሩ እናት ስለሆነች ነው። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል። ናይትሬትን ግን አያጠፋውም፤ እንፋሎቱ በወጣ ቁጥር የቀረው ውሃ ውስጥ እያየለ ይሄዳል። ከሰል ገዝታ፣ ጭስ ታጥና፣ ደጋግማ ያፈላችው ውሃ ካላፈላችው የባሰ ይሆናል። ይህን ለአንዲት እናት ማስረዳት በሥራዬ ላይ ከገጠመኝ ነገር ሁሉ ከባዱ ነው። አብዛኛዎቹ አያምኑኝም። ባያምኑኝም አይገርመኝም።

ናይትሬቱ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ብዙ ነው፤ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ይመጣል፣ ከከብት በረት ይመጣል፣ ዋናው ግን ዩሪያ ነው። ገበሬው ሽንኩርቱና ጫቱ ሥር የሚበትነው ነጭ ፍሬ በዓለም ደረጃ ሲታይ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ሰብሉ ውስጥ የሚገባው። የቀረው ወይ ወደ አየር ይተናል፣ ወይ በጎርፍ ይታጠባል፣ ወይም ከመስኖው ውሃ ጋር ቁልቁል ሰርጎ ጉድጓዱ ጋ ይገናኛል። ሐረማያ ላይ ደግሞ ጉድጓዱና ማሳው አንድ ቦታ ናቸው። ገበሬው ከጉድጓዱ ይስባል፣ ማሳው ላይ ያፈሳል፣ ከማሳው የተረፈው ተመልሶ ጉድጓዱ ይገባል፤ በየዙሩ አንድ ነገር እየጨመረ።

ለማያውቀው አንባቢ ስለ ሐይቁ ትንሽ ልበል። ሐረማያ፣ በድሮው አጠራር አለማያ፣ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በልጅነቴ ከአውቶቡስ መስኮት ሲታይ ወፉ ብቻ ሰማይ ይሸፍን ነበር። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ነው፤ የአወዳይና የሐረማያ ከተማ ሕዝብም እንዲሁ። በ1950 ዓ.ም. ንጉሡ መርቀው የከፈቱት የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የተሠራው እዚያው ሐይቁ አካባቢ ነው። የአገሪቱ የእርሻ ምሁራን ስለ አፈርና ስለ ውሃ የተማሩት ከዚህ ሐይቅ አጠገብ ነው ማለት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ወለሉ መጀመሪያ ተሰነጣጠቀ፣ ቀጥሎ የከብት ግጦሽ ሆነ፣ ከዚያ ተቆፈረ። ሰው ከላይ ያጣውን ውሃ ከሥር ፍለጋ ወረደ።

ሐረር በዚያ ጊዜ ያየችውን አሳር ያላየ አይነገረውም። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ጊዜ ቅርሱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ከግንቡ አምስት በሮች ገብተው የሚያልፉ ቱሪስቶች ሰልፉን ሳይቀር ፎቶ ያነሱት ነበር።

ሐይቁን ማን አደረቀው? እዚህ ላይ ነው የአባቴ «ሌላ ባብ» የሚያስፈልገው። ስለ ሐይቁ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ተጠያቂ አያጣም፦ ኮረብታዎቹ ተራቁተው አፈሩ ሐይቁን ሞላው፣ ከተሞቹ ያለ ልክ ሳቡት፣ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በሞተር አጠጣበት፣ ፀሐይም ድርሻዋን ወሰደች። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ስለሆነ ግን ማንም አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቢጠየቅ የሠራው ሐራም የለም። ገበሬው ከሐይቅ ውሃ ቀዳ፤ ይፈቀድለታል። ሐረሬው ቧንቧ ከፈተ፤ ይፈቀድለታል። ሴትየዋ ከኮረብታው ማገዶ ለቀመች፤ ይፈቀድላታል። ሐላል በሐላል ላይ ተደምሮ እንዴት ሐይቅ የሚያክል ጥፋት ይሆናል?

አባቴ በሚቀጥለው ማታ አንድ ወፍራም ኪታብ አውጥተው ጠበቁኝ። የፈለጉት ባብ ያለው መሐል ላይ ነው፣ ከሽያጭና ከኪራይ ሕግጋት ጋር፤ ኢሕያኡል መዋት ይባላል፣ ማንም ያልያዘውን ጠፍ መሬት ስለማልማት። የእርሻ ባብ ነው ብንል ያስኬዳል። ብዙ ልጅ ኪታቡን ጀምሮ እዚያ ሳይደርስ ነው ሠርቶ አደር የሚሆነው፤ ውዱኡንና ሶላቱን ካወቀ ይበቃዋል ተብሎ። ውሃ የማን እንደሆነ የሚነገረው እዚያ ነው። መሠረቱ ነቢዩ፣ ሰላም በሳቸው ላይ ይሁንና፣ ሰዎች በሦስት ነገር ሸሪክ መሆናቸውን የተናገሩበት ሐዲስ ነው፦ በውሃ፣ በሳርና በእሳት። አባቴ ይህን ሲያነቡልኝ እጄ ላይ የነበረውን ስኒ አስቀመጥኩ። እኛ በየስብሰባው «የውሃ፣ የእርሻና የኢነርጂ ትስስር» እያልን በፕሮጀክተር የምናሳየው ነገር፣ ከነሦስቱ፣ እዚያ ተቀምጧል።

ሊቃውንቱ የሚሉት እንዲህ ነው። የወንዝና የሐይቅ ውሃ የሁሉም ነው፤ ማንም መጥቶ መጠጣት፣ ከብቱን ማጠጣት፣ ማሳውን ማርጠብ ይችላል። ውሃው የግል የሚሆነው በዕቃ ሲገባ ነው። በእንስራህ የቀዳኸው ያንተ ነው፣ መሸጥም ትችላለህ። በመሬትህ ላይ የቆፈርከው ጉድጓድ ውሃ ላይ ቅድሚያው ያንተ ነው፤ ከፍላጎትህ የተረፈውን ግን ከተጠማ ሰውና ከተጠማ እንስሳ መከልከል አትችልም። ጉድጓድ ሐሪም አለው፤ ዙሪያውን የሚከበር፣ ሌላ ሰው ሌላ ጉድጓድ ቆፍሮ የመጀመሪያውን እንዳያደርቅ የሚከለከልበት ክልል። ከሁሉም በላይ የቆመ ደግሞ አንድ መርህ አለ፣ ማንም ማንንም አይጉዳ የሚል።

«እሺ አባ» አልኳቸው፣ «ሞተር እንስራ ነው ወይ?»

ሳቁ። ጥያቄው ግን የቀልድ አልነበረም፣ እሳቸውም ገብቷቸዋል። ሕጉ ዕቃን የግልነት ምልክት ያደረገው ዕቃ ልክ ስላለው ነው። ሴት በጀርባዋ የምትሸከመው እንስራ ሐይቅ አያደርቅም፤ አህያም አራት ጀሪካን ጭና ሐይቅ አታደርቅም። የሰውና የእንስሳ ጉልበት ራሱ ዳኛ ነበር። ባለ ሦስት ኢንች ሞተር ግን በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ይስባል፣ አይደክመውም፣ ናፍጣ እስካለው ድረስ ሌሊትም ይሠራል። ሁለት ቁላችንን፣ ስንት ትውልድ የጨቃጨቀንን ያንን በርሜል፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው አፍስሶ ይጨርሰዋል። ዕቃ የሚለው ሕግ ለዚህ ነገር ተጽፏል ማለት ለኔ ይከብደኛል። አባቴ ቸኩለው ፈትዋ አይሰጡም፤ ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ዑለማዎቹ ሞተር ቢያዩ ኖሮ ዝም አይሉም ነበር።»

ገበሬው ላይ ብቻ መፍረድ ግን ይቀፈኛል። ሐረርጌ ውስጥ አንድ ቤተሰብ የሚኖርባት መሬት በጣም ትንሽ ናት። በማሽላ ብቻ ስምንት ልጅ አይበላባትም። ጫት ግን ያበላል፣ ያስተምራል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል። በዝናብ ጊዜ ጫት ይረክሳል፤ ዋጋው የሚሰቀለው በበጋ ነው፣ በበጋ ቅጠል እንዲያቆጠቁጥ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። እንግዲህ ሞተሩን ያመጣው ስግብግብነት ነው ብሎ መደምደም የአወዳይን የጫት ገበያ አለማወቅ ነው። ቅጠሉ ማታ ተቆርጦ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ጠዋት ጅቡቲና ሶማሌላንድ ይደርሳል።  

በዚህ መሐል አንድ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ብዙ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል። የእህል ዘካ በዝናብ የበቀለ ከሆነ ከአሥር አንድ ነው፤ ሰው ደክሞ በመስኖ ያጠጣው ከሆነ ከሃያ አንድ። ደንቡ ለድካምና ለወጪ ያዝናል፤ ደስ የሚል ደንብ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ግን ይህ ዘካ የሚወጣው ሰው ለምግብነት ከሚያከማቸው እህል፣ ከተምርና ከዘቢብ ብቻ ነው። አትክልት የለበትም። ጫትም ምግብ ስላልሆነ የለበትም። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ዝናብ ጠብቆ ማሽላ የዘራው ገበሬ ከአሥር ቁና አንድ ይሰጣል፤ ሐይቁን የጠጣው ሰብል ግን በእርሻ ዘካ በኩል ሚስኪኑ ጋ የሚያደርሰው ነገር የለም። ነጋዴው በዓመቱ መጨረሻ በንግድ ዘካ ሊነካ ይችላል፤ ያውም ገንዘቡን አንድ ዓመት ከያዘው። አባቴ «ሐነፊዎቹ ጋ ከመሬት የወጣ ሁሉ ይወጣበታል» ብለው አጽናኑኝ። እኛ ግን ሐነፊ አይደለንም።

ጫቱ ላይ ስለሚረጨው መድኃኒትም ልናገር፤ ገበሬው ፀረ-ተባይን መድኃኒት ነው የሚለው። ዲዲቲ በእርሻ ላይ እንዳይውል ዓለም በስቶክሆልም ስምምነት ከተስማማ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተተወው ለወባ መከላከያ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ግን ከሐረርጌ ጫት ላይ ቅሪቱን አግኝተዋል። ዲዲቲ ቶሎ አይፈርስም፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፣ ሰውነት ውስጥ ከገባም ስብ ውስጥ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማና በአካባቢው ከተሞች በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር አግኝቶታል። እሱም ቀለም የለውም። በባርጫ ላይ ቅጠሉን እያሻሸ የሚቀነጥበው ሰው ጣቱ ላይ ምንም አያይም። የቀረውን ገራባ ፍየል ትበላዋለች፣ የፍየሏን ወተት ልጅ ይጠጣዋል።

ከሦስቱ ሽርክናዎች የምንረሳው እሳቱን ነው። ሊቃውንቱ እሳት ሲሉ ከጎረቤት ምድጃ ፍም መጫርን፣ ከጫካ ማገዶ መልቀምን ነበር የሚያስቡት። ሐረማያን የሚከቡት ኮረብታዎች ማገዶ ሰጥተው ሰጥተው ሲራቆቱ አፈራቸው በየክረምቱ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሐይቁ ጥልቀቱን ያጣው እየተጠጣም፣ እየተሞላም ነው። ዛፍ የተረፈው በአብዛኛው በአዋቾቻችን፣ በወሊዮቻችን፣ መቃብር ዙሪያ ነው፤ ማንም ቅርንጫፍ አይነካባቸውም። ያንን አክብሮት ወደ ጎን ሁለት መቶ ሜትር ማስፋት ለምን አቃተን?

ዛሬ ሐረር የምትጠጣው በብዛት ድሬ ጃራ ከሚባለው፣ ድሬዳዋ ቆላ ውስጥ ካለ የጉድጓድ መስክ ነው፤ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚደርሰን። ርቀቱ አይደለም ጉዱ፣ ዳገቱ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ሐረር ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 600 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት፣ ፓምፑ ምንም ባያባክን እንኳ፣ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ያስፈልጋል፤ ፓምፕ ደግሞ ያባክናል። ስለዚህ ሐረር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል። ድሮ ሐይቁ ከከተማዋ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነበር። አሁን ውሃችንን ዳገት የሚገፋው ኃይል ራሱ ከግድብ ነው የሚመጣው፤ የሩቅ ሰው ወንዝ የእኛን ውሃ ተሸክሞ ያመጣልናል። እነዚያ ግድቦችም እንደ ሐረማያ በደለል ይሰጋሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ቧንቧ መክፈት ያስፈራኛል፤ ከፍቼ እታጠባለሁ፣ ምን ላድርግ።

የጁሙዓ ኹጥባ ስለ ውሃ ሲነሳ ሁልጊዜ ስለ ውዱእ ነው። ነቢዩ በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ኢማሙ ይነግሩናል፤ በሚፈስ ወንዝ ዳር እንኳ ማባከን እንደማይገባ ይጨምራሉ። እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የውዱእ ብክነት ኹጥባ ማንንም አያስቀይምም። ባለ ሞተሩ ከፊት ሶፍ ተቀምጦ «ሰደቅተ»፣ እውነት ብለሃል፣ እያለ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወጥቶ ቧንቧውን ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል፣ ከዚያ ማሳው ሄዶ ሞተሩን ያስነሳል። በዓለም ላይ ሰው ከወንዝና ከከርሰ ምድር ከሚወስደው ውሃ ሰባ በመቶ ያህሉ የሚሄደው ለእርሻ ነው። የመስጊዱ ቧንቧ ከዚህ ውስጥ ጠብታ ነው። ለጠብታው ሐዲስ እየጠቀስን ለሐይቁ ዝም ካልን፣ ተቅዋችን ጣት ላይ ቆማ ቀርታለች።

የኃጢአቱ ባለቤት ማን ነው የሚለውን ከአባቴ ጋር ብዙ ተነጋግረንበታል፣ እስካሁንም አልተስማማንም። የአላህን ሐቅ የጣሰ ሰው ተውበት ያደርጋል፣ አላህ መሐሪ ነው። የሰውን ሐቅ የነካ ግን ባለሐቁን ፈልጎ አፉ በለኝ ማለት አለበት። አባቴ የሚሉት፣ ያጠፋኸው ሰው ካልታወቀ ሐቁን ለሚስኪን ሰጥተህ ዱዓ ታደርግለታለህ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ አልዋጥልህ አለኝ። በናይትሬት የተጎዳው ሕፃን አፉ በለኝ ቢባል አይሰማም። ከሃያ ዓመት በኋላ እዚያ ጉድጓድ ላይ የሚወለደው ጭራሽ ገና የለም። ሐረር ውስጥ ለጀሪካን ውሃ ስትሰለፍ የትምህርት ሰዓቷ ያለፈባት ልጅስ፣ ከአንድ ሺህ ባለ ሞተር የትኛውን ይቅር ትበል? አባቴ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ ድርቅ ሆኖ ለዝናብ ሶላት፣ ለኢስቲስቃ፣ ከመወጣቱ በፊት ኢማሙ ሕዝቡን እንዲጾም፣ እንዲቶብትና በእጁ ያለውን የሰው ሐቅ እንዲመልስ ያዝዛል። ግለሰብን ነጥሎ አያዝዝም፣ ከተማውን በጠቅላላ ነው። ማለትም ዝናብ ከመለመኑ በፊት የሚከፈል የጋራ ዕዳ እንዳለ ፊቅህ ያውቃል። ይህ ለኔ ከፍልስፍና መጽሐፍ ሁሉ በልጦ ታየኝ። ስናደርገው ግን ሜዳ ወጥተን ልብሳችንን ገልብጠን፣ አልቅሰን እንመለሳለን። ማን ለማን ምን እንደመለሰ የሚጠይቅ የለም።

አባቴ ከመተኛታቸው በፊት ሱረቱል ሙልክን ይቀራሉ፤ ብዙ ሰው ይቀራል። ምዕራፉ የሚያበቃው ውሃችን ወደ መሬት ቢሰርግ ማን እንደሚያመጣልን በሚጠይቅ አያ ነው። ሐይቁ በደረቀባቸው ዓመታት እዚያች አያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እንደሚቀንስ እናቴ ናት የነገረችኝ። እኔ ሳላስበው በልቤ መልስ እሰጥ ነበር፦ ሞተር ያመጣልናል። አመጣልንም፣ ከነዩሪያው።

ሐይቁ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በከፊል ተመልሷል። ዝናቡ ደህና ነበር፣ በኮረብታዎቹ ላይ እርከን ተሠርቷል፣ ችግኝ ተተክሏል፣ ከዳር መሳብም ተከልክሏል። ወፎችም መጥተዋል። ሰው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ይላል። እኔ ጠርሙሶቹን ስለማይ አለፈ አልልም፤ ዳር ላይ መሳብ ቢከለከልም ጉድጓዱ ከሐይቁ ጋር ከሥር ይገናኛል።

በቅርቡ ናሙና ልቀዳ ሄጄ ባለ ጉድጓድ የሆኑ አንድ አዛውንት የፀሐይ ፓምፕ አሳዩኝ። ሰሌዳው አራት እንጨት ላይ ተሰቅሏል፣ ሥሩ ጥላ ስለሆነ ዶሮዎች ተኝተውበታል። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ የናፍጣ ሽታም ከአፈሩ ላይ ጠፍቷል። በየሪፖርቱ ንጹሕ ኃይል የምንለው ይኸው ነው፤ እውነትም ንጹሕ ነው።

«ስንት ሰዓት ይሠራል?» አልኳቸው።

«ፀሐይ እስካለች።»

«ማሳው ቢጠግብስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ናፍጣ ሲወደድ ኪሴ እየተቃጠለ ሞተሩን አጠፋ ነበር። አሁን በነፃ የሚመጣን ውሃ ምን ብዬ ነው የማጠፋው? የተረፈውን ለጎረቤት እለቅለታለሁ።»

የተረፈውን መልቀቃቸው ሐዲሱን መጠበቃቸው ነው፤ ሳያውቁትም ሆነ አውቀውት። ጎረቤታቸውም በዚያው ውሃ አዲስ ጫት ተክሏል። የናፍጣ ዋጋ ሳያስበው ይሠራ የነበረውን የዳኝነት ሥራ አሁን የሚሠራው የለም። ጭሱን ማጥፋታችንን አልቃወምም፤ ግን የሐሪሙን ሕግ፣ የተራውን ሕግ፣ ማን በሳምንት ስንት ሰዓት ይስባል የሚለውን ሰው ካላወጣው ማንም አያወጣውም።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ከዒሻ በኋላ የኢሕያኡል መዋትን ባብ ለአዋቂዎች እናስቀራለን አሉ። ቁጥሮቹን ጽፌ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ፤ በስንት ሜትር ርቀት ስንት ጉድጓድ እንዳለ፣ አንዱ ፓምፕ በቀን ስንት ሊትር እንደሚያወጣ፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ። ጻፍኩላቸው። ትምህርቱ ሲጀመር የመጡት የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ ባለ ሱቅ፣ ጡረተኛ አስተማሪ። ጉድጓድ ያለው አንድም አልነበረም። ደንቡን ወደዱት፣ «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ኪታባችን ውስጥ አለ?» አሉ። ባለ ጉድጓዶቹ በዚያ ሰዓት አወዳይ ገበያ ላይ ናቸው። አሁን የምንለፋው ትምህርቱን ወደ ሐረማያ መስጊድ ለማዛወር ነው፤ ማታ ሳይሆን ከሱብሒ በኋላ፣ ውሃ ማጠጣት ሳይጀመር። አባቴ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በባጃጅ ልወስዳቸው ነው።